ለእናቶች ጤናና ለልጆች ትምህርት የበጎ አድራጎት ሥራ መጀመር፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ርክክብ

"ገንዘብ አዋጥተን ነበር። ደብተር ገዛን፣ ለእናቶች ስልጠና ሰጠን። ከዓመት በኋላ ሄደን ስናይ ምንም አልተለወጠም። ምን አጠፋን?"

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። መልሱን የማውቀው እኔም ስላበላሸሁ ነው። የመጀመሪያ ሥራችን ደብተርና ቦርሳ ማደል ነበር። ልጆቹ ተሰለፉ፣ አደልን፣ ፎቶ ተነሣን። ከወራት በኋላ ስንመለስ ቦርሳዎቹ አሉ፤ አንዳንዱ ሽንኩርት ተይዞበታል። ብዙዎቹ ልጆች ግን ክፍል ውስጥ የሉም። አንዷን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄጄ አገኘኋት። አራስ ወንድሟን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። እናቷ ከወለደች ጀምሮ ትኩሳቱ አልለቃትም፤ ውስጥ ተኝታለች። ለዚያች ልጅ ደብተር ምን ያደርግላታል?

ከዚያ ቀን በኋላ የእናት ጤናና የልጅ ትምህርት ለእኔ ሁለት ፕሮጀክት አይደሉም። እናት ስትታመም ከትምህርት ቤት መጀመሪያ የምትቀረው ትልቋ ሴት ልጅ ናት። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ እደላ አይደለም። ማነቆውን ፈልጎ ስለ መፍታት ነው። የተጻፈውም ከአምስት እስከ አሥር ሆነው በአንድ ሰፈር ሥራ መጀመር ለሚፈልጉ ሰዎች ነው።

ደረጃ 1፦ ከመጀመራችሁ በፊት

ቦታውን አጥብቡ። በእግር ዞራችሁ በሁለት ቀን የምትጨርሱትን ያህል ሰፈር ብቻ ያዙ። "ወረዳውን በሙሉ" ብሎ የተነሣ አነስተኛ ቡድን ሲሳካለት አላየሁም።

ጊዜውን አስሉ። እርግዝና ዘጠኝ ወር ነው። ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል ስድስት ሳምንት ይጨመርበታል። የትምህርት ዘመን ደግሞ አለ። ስለዚህ ከአንድ ዓመት ተኩል ያነሰ ሥራ ፍሬው ሳይታይ ያልቃል። ለአንድ ዓመት ተኩል የሚበቃ ገንዘብ በእጃችሁ ወይም በጽሑፍ ቃል የተገባ ካልሆነ አትጀምሩ፤ ሥራውን አሳንሱት።

ፈቃድ ያዙ። ገንዘብ ከሰው ከመሰብሰባችሁ በፊት ሕጉ የሚጠይቀውን ምዝገባ ጨርሱ። ከዚያ ሦስት ሰዎች ጋ በአካል ሂዱ፦ የሰፈሩ አስተዳደር፣ የቅርቡ ጤና ተቋም ኃላፊ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር። "ልንረዳችሁ መጣን" አትበሉ። "ምን እየሠራችሁ ነው? የት ላይ ነው የሚያቅታችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ እዚያው የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

ሥራ ተከፋፈሉ። ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል። የእናቶችን ሥራ የምትይዘው የወለደች ሴት ትሁን፤ የሰፈሩ ልጅ ብትሆን ደግሞ ይመረጣል። አንድ ሰው የልጆችን፣ አንድ ሰው መዝገቡን፣ አንድ ሰው ገንዘቡን ይያዝ። ገንዘብ የሚይዘውና ዕቃ የሚገዛው አንድ ሰው እንዳይሆን።

የልጆች ደህንነት ደንብ ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል። አንድ አዋቂ ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ቦታ አይሆንም። የሕፃን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይነሣም። ፎቶ ከስምና ከቤት አድራሻ ጋር አይለጠፍም። ጥቃት ያየ ወይም የሰማ ሰው በዚያው ቀን ለማን እንደሚናገር ይታወቅ። ሁሉም ይፈርሙ። "እኛ እኮ እንተዋወቃለን" የሚል ሰው ካለ ቀድሞ ይፈርም።

ደረጃ 2፦ ማዳመጥ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። እባካችሁ አንድ ወር ስጡት።

1. "ምን ትፈልጋላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ይዛችሁ የመጣችሁ የሚመስለውን ነው የሚነግራችሁ። ደብተር የያዘ ሰው ሲመጣ ችግሩ ደብተር ይሆናል።

2. በምትኩ አንድን ቀን እንዲተርኩላችሁ ጠይቁ። ለእናት እንዲህ፦ "የመጨረሻ ልጅሽን የወለድሽበትን ቀን፣ ምጡ ከጀመረሽ ጀምሮ ንገሪኝ።" ከዚያ ዝም በሉ። ስታቆም "ከዚያስ?" ብቻ በሉ።

አንዲት እናት የነገረችኝ አሁንም ትዝ ይለኛል። ምጡ የጀመራት ማታ ነው። አማቷ "ይንጋ" አሉ። ባሏ ሥራ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ያለበት ሣጥን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ሊነጋጋ ሲል ጎረቤት መኪና ለመነ። ሾፌሩ ቅድሚያ ክፈሉ አለ። ደረሱ። አዋላጇ አለች፤ መብራት ግን የለም። በስልክ መብራት አዋለደቻት። እሷ "እግዜር ይስጣት፣ ጥሩ ሰው ናት" ብላ ጨረሰች። እኔ ግን አራት ማነቆ ቆጥሬ ነበር።

3. የሰማችሁትን በሦስት ዓምድ ክፈሉ። በ1994 (ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ታዴየስና ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያወጡት አከፋፈል እስካሁን ይሠራል። አንደኛው ለመሄድ መወሰን ላይ የሚባክን ጊዜ ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚባክነው፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምና እስኪገኝ የሚባክነው ነው። የ"ይንጋ" ጉዳይ አንደኛው ዓምድ ውስጥ ይገባል። የሾፌሩ ሁለተኛው ውስጥ፣ የመብራቱ ሦስተኛው ውስጥ ነው። የሣጥኑ ቁልፍስ? አንደኛውም ሁለተኛውም ላይ ይጻፍ፤ ምንም አይደለም።

4. ለልጅ ጥያቄው አጭር ይሁን፦ "ባለፈው ሳምንት የቀረህበት ቀን አለ? በዚያ ቀን ጠዋት ምን ስትሠራ ነበር?" "ለምን ቀረህ?" አትበሉ። ለምን የሚለው ቃል ለልጅ ቁጣ ነው።

5. መልሱ መደጋገም እስኪጀምር ቀጥሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሃያና ሠላሳ ቤት ይበቃል።

ካልተሳካ፦ ባል ወይም አማት በእሷ ፈንታ የሚመልሱ ከሆነ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዳችሁ እነሱን ውጭ አጫውቱ፤ ከእናንተ ሴቷ ከእናትየው ጋር ትቀመጥ። ሁሉም "ደህና ነን፣ ምንም አልጎደለን" ካላችሁ ደግሞ ምናልባት ከአንድ ባለሥልጣን ጋር ነው የገባችሁት። በሌላ ቀን ብቻችሁን ተመለሱ።

ደረጃ 3፦ አንድ አንድ ማነቆ ምረጡ

ለእናቶች አንድ፣ ለልጆች አንድ። ሦስት ነገር የሚያሟላውን ውሰዱ፦ ብዙ ቤት ውስጥ የተደጋገመ፣ በያዛችሁት ገንዘብና ሰው የሚፈታ፣ ሌላ ማንም ያልያዘው።

እነዚህን አትንኩ፦

ሕንፃ። ግድግዳ ማቆም ቀላል ነው። አዋላጇን በየወሩ የሚከፍላት ማነው?

አምቡላንስ። ከግዢው ይልቅ ጎማው፣ ነዳጁና ሾፌሩ ናቸው የሚገድሏችሁ።

መድኃኒት። በዓለም አቀፉ የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ መሠረት የተለገሰ መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ሊቀረው ይገባል። በሻንጣ ተጠራቅሞ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህን አያሟላም። ቢያሟላ እንኳ ለጤና ተቋሙ እንጂ ለቤት አይሰጥም።

ዱቄት ወተት። ይህ በደግነት የሚሠራ ትልቁ ስሕተት ነው። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቤት የጡጦ ወተት ተቅማጥ ያመጣል። ልጁ ጡት መጥባት ሲቀንስ የእናት ወተትም ይቀንሳል። የእናንተ ቆርቆሮ ሲያልቅ ሁለቱም የሉም። የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚገድበው ዓለም አቀፍ ደንብ በ1981 የወጣው በከንቱ አይደለም። መጥባት ያልቻለ ሕፃን ካጋጠማችሁ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት።

ደረጃ 4፦ የእናቶች ሥራ

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2023 ወደ 260,000 የሚጠጉ ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሞተዋል። በቀን ከ700 በላይ ማለት ነው። አብዛኞቹ ሊተርፉ ይችሉ ነበር። ዋናዎቹ ገዳዮች የታወቁ ናቸው፦ የደም መፍሰስ፣ የደም ግፊት፣ ኢንፌክሽን። ለእነዚህ ሕክምና አለ። የእናንተ ሥራ ማከም አይደለም። እናትየውና ሕክምናው በሰዓቱ እንዲገናኙ ማድረግ ነው።

4.1 መጀመሪያ ተቋሙን እዩ

ሰዎች ይህን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቡት። እናንተ ቀድማችሁ አድርጉት። ከኃላፊው ጋር ተነጋገሩና አንድ ምሽት ሂዱ፤ ቀን ላይ ሁሉም ተቋም ያምራል። አዋላጅ አለች? መብራት? ውኃ? ጓንት? ደም የሚፈሳት እናት ብትመጣ ወዴት ትላካለች፣ በምን? መልሱ መጥፎ ከሆነ ማነቆአችሁ እሱ ነው። እናቶችን እየቀሰቀሳችሁ በሌሊት አዋላጅ ወደሌለበት ቤት አትላኩ። አንዴ ባዶ ቤት አግኝታ የተመለሰች ሴት ለሁለተኛው ልጇ አትመጣም፤ ለጎረቤቶቿም ትነግራለች።

4.2 ነፍሰ ጡሮችን በጊዜ እወቁ

የዓለም ጤና ድርጅት በእርግዝና ወቅት ቢያንስ ስምንት ጊዜ ክትትል ይመክራል፤ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ችግሩ በዚያ ጊዜ ብዙ ሴቶች እርግዝናቸውን አይናገሩም። አታስገድዱ። በስብሰባ ላይ "ማን አረገዘች?" አትበሉ። በየመንደሩ የምትታመን አንዲት ሴት ትኑራችሁ። ዜናው እሷ ጋ ይደርሳል፤ እሷ ደግሞ በጆሮ "ተመዝገቢ፣ ክትትል አለ" ትላታለች። መዝገቡ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ። ነፍሰ ጡሯ ካልፈቀደች ስሟ አይጻፍም።

4.3 የአይረን ክኒን ለምን እንደሚቋረጥ እወቁ

በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ነው የሚመከረው። ተቋሙ ይሰጣል። ግን ብዙዎቹ በመሃል ይተዉታል። ያቅለሸልሻል፣ ሰገራን ያጠቁራል። ማንም ቀድሞ ያልነገራት ሴት ሰገራዋ ሲጠቁር ትደነግጣለች፤ ክኒኑን ትጥላለች። ስለዚህ ቀድማችሁ ንገሯት። "ይጠቁራል፣ አትፍሪ። ካቅለሸለሸሽ ማታ ልትተኚ ስትይ ውሰጂው። ከሻይና ከቡና ጋር አታድርጊው።" ይህች ሦስት ዓረፍተ ነገር ከአንድ ቀን ስልጠና ትበልጣለች።

4.4 የመውለጃ ዕቅድ ሙሉ

በሰባተኛው ወር፣ በአንድ ወረቀት። ባልና አማት ባሉበት ይሞላ፤ "ይንጋ" የሚሉት እነሱ ናቸውና። የሚጻፈው ይህ ነው፦

• የት ትወልዳለች?
• ማን አብሯት ይሄዳል?
• በምን ትሄዳለች? የሁለት ሾፌሮች ስልክ። አንድ አይበቃም።
• ገንዘቡ የት ነው? ቁልፉ ማን ጋ ነው?
• ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጣል?
• ባል ከሌለ "ሂዱ" የሚለው ማነው?
• ቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን ይጠብቃል?

የመጨረሻውን መስመር አትለፉት። ባዶ ከተተወ ስሙ ያልተጻፈ ሰው አለ ማለት ነው፤ እሷም ትልቋ ልጅ ናት።

ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ በሥዕል አድርጉት።

የልምድ አዋላጆች በሰፈሩ ካሉ አትግፏቸው። ብትገፏቸው እናቶቹን ይዘው ይሄዳሉ። "አብሯት የሚሄደው ማነው?" የሚለው መስመር ላይ ስማቸውን ጻፉ። ምጥ የያዛት ሴት የምታምነው ሰው አጠገቧ ቢኖር ጥሩ እንደሆነ ሐኪሞችም ይመክራሉ። ክብራቸውም አልተነካም፣ እናትየዋም ተቋም ደረሰች።

4.5 የአደጋ ምልክቶች

ቤተሰቡ በቃሉ ይወቃቸው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያው መሄድ ነው፦

በእርግዝና፦ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የሽርት ውኃ ያለ ጊዜው መፍሰስ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ።

ከወሊድ በኋላ፦ ብዙ ደም፣ እንግዴ ልጅ አለመውጣት፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ራስን መሳት።

አራስ ሕፃን፦ አለመጥባት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሰውነቱ መጋል ወይም መቀዝቀዝ፣ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ መሆን።

ማስጠንቀቂያ፦ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ከባድ ደም ጤነኛ የነበረችን ሴት በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቤት ውስጥ ከተከሰተ መኪናው ቀድሞ ይጠራ፤ ሌላው ሁሉ መኪናው እስኪመጣ የሚደረግ ነው። አስተኟት፣ አሙቋት፣ ሽንቷን ትሽና፣ ሕፃኑን ጡቷ ላይ አድርጉ። አዋላጇን በስልክ አግኟትና የምትላችሁን አድርጉ። ምጥ ማፋጠኛ መድኃኒት ወይም መርፌ ግን ልጁ ሳይወለድ ቤት ውስጥ በማንም እንዳይሰጥ። ማሕፀን ሊቀድ ይችላል።

4.6 በሌሊት ሞክሩት

ይህን የሚያደርግ ቡድን ጥቂት ነው፤ ሳይነገራችሁ የሚበላሸው ግን እዚህ ነው። ዕቅዱ በተሞላ በሁለተኛው ሳምንት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሾፌሩ ጋ ደውሉ። እኛ ስንሞክር የመጀመሪያው ስልኩ ዝግ ነበር። ሁለተኛው አነሣ፤ "ነዳጅ የለኝም፣ ማደያ ደግሞ ተዘግቷል" አለ። ወረቀቱ ግን ቆንጆ ነበር! ከዚያ በኋላ ነው ለሾፌሮቹ አንድ ጀሪካን ነዳጅ የሚያስቀምጡበትን መንገድ ያበጀነው፤ ከቤት ራቅ ያለ፣ እሳት የማይደርስበት ቦታ። ዋጋውንም ቀድመን ተስማማንና በጽሑፍ ያዝን። እናት እያማጠች ዋጋ አይከራከሩም።

4.7 ከወሊድ በኋላ አትጥፉ

ሁሉም "እልል" ብሎ የሚበተነው ልጁ ሲወለድ ነው። ብዙ እናቶች የሚሞቱት ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ተቋም የወለደች ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው ትቆይ። ከዚያ ክትትሉ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ በስድስተኛው ሳምንት ነው። የእናንተ ሰው በእነዚህ ቀናት በሩን ታንኳኳ። የምታየው ጥቂት ነገር ነው፦ ትኩሳት አላት? ደሙ እንዴት ነው? ልጁ ይጠባል? እትብቱ ላይ ምን ተቀብቷል? ባለሙያ ካላዘዘው በቀር ምንም እንዳይቀባ። ሕፃኑ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ የመጀመሪያው ገላ እጥበት 24 ሰዓት ይቆይ፤ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃም አይቀምስ።

እግረ መንገዳችሁን የእናቶች ስብሰባ በወር አንድ ጊዜ አድርጉ። ንግግር ግን አታድርጉ። በኔፓል ማክዋንፑር አካባቢ የተሠራና በ2004 የታተመ ጥናት አለ። እዚያ ሴቶቹ በየወሩ እየተሰበሰቡ ችግራቸውን ራሳቸው ይዘረዝሩ ነበር፤ መፍትሔውንም ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ስብሰባውን የመራችው ሐኪም አልነበረችም። በእነዚያ መንደሮች የአራስ ሕፃናት ሞት ከሌሎቹ በሠላሳ በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 ይህን አሠራር መክሯል። ስብሰባችሁ ላይ ከእናንተ ይልቅ እናቶቹ ብዙ ካልተናገሩ አበላሽታችኋል።

ደረጃ 5፦ የልጆች ሥራ

5.1 የሚቀሩትን በስም እወቁ

ከመምህሩ ስም ዝርዝር የሦስት ሳምንት መገኘት ውሰዱ። "ብዙ ልጆች ይቀራሉ" የሚል መረጃ ዋጋ የለውም። "እነዚህ አሥራ አራት ልጆች፣ በገበያ ቀን ብቻ" ሲሆን ነው ሥራ የሚጀመረው። የገበያ ቀን ከሆነ የጉልበት ጉዳይ ነው። አንድ ልጅ ለሁለት ሳምንት በተከታታይ ከጠፋ ሕመም ወይም ወሊድ ቤታቸው ገብቷል፤ የእናቶች መዝገባችሁን ተመልከቱ። ሴት ልጆች በየወሩ ጥቂት ቀን የሚጠፉ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን መገመት አያቅትም።

5.2 ማንበብ መቻላቸውን ፈትኑ

ክፍል ውስጥ መቀመጥና መማር ይለያያሉ። የዓለም ባንክና አጋሮቹ በ2022 ባወጡት ግምት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ካሉ የአሥር ዓመት ልጆች ወደ 70 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት የሚጠቀምበት ፈተና አንድ ገጽ ነው፦ ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽ፣ ትንሽ ታሪክ። አንድ በአንድ፣ በቃል፣ ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ጽሑፉ ከመማሪያ መጽሐፉ አይወሰድ። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ገጹን ሲያነበንብልኝ ተደንቄ ነበር። ከዚያ ሳላስበው እጄ ገጹን ሸፈነው። እሱ ቀጠለ!

ቀይ እስክሪብቶ አትያዙ። ውጤት በሌሎች ልጆች ፊት አትናገሩ።

5.3 በክፍል ሳይሆን በደረጃ አስቀምጡ

ፊደል ላይ ያለ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ፊደል ካሉት ጋር ይቀመጥ። በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ፈትኑና አሸጋግሩ። ትልልቆቹ እንዳያፍሩ ቡድኑን በቁጥር ወይም በደረጃ አትጥሩት፤ ስም ራሳቸው ያውጡለት።

ካልተሳካ፦ መምህሩ ከተቀየመ፣ "ልጆቹ አያነቡም" ብላችሁ ስለ ነገራችሁት ይሆናል። መምህሩን መጀመሪያ አብሮ እንዲፈትን ጋብዙት፤ ውጤቱን ራሱ ይየው። ፈቃደኞቻችሁ መቅረት ከጀመሩ ደግሞ የልጆቹን ሰዓት ሳይሆን የፈቃደኞቹን ቁጥር አስተካክሉ። ለአንድ ቡድን ሁለት ሰው መድቡ። ሦስት ቀን መምህር ያጣ ቡድን በአራተኛው ቀን ልጅም የለውም።

5.4 ሴት ልጆችና የወር አበባ

ሞዴስ ማደል ብቻውን አይበቃም። እንዲህ አድርጉ፦ ከአንዲት ሴት መምህር ጋር የትምህርት ቤቱን መጸዳጃ እዩ። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ውኃ አለ? የተጠቀሙበት የሚጣልበት ክዳን ያለው ዕቃ አለ? ብዙ ጊዜ የጎደለው መቀርቀሪያ ነው። አንድ መቀርቀሪያ በአንድ ከሰዓት ይገጠማል። ሞዴሱ ከሴት መምህሯ ጋ ይቀመጥ፤ ልጆቹ ወንዶች ፊት እንዳይጠይቁ ምልክት ይኑራቸው።

5.5 ክፍያና ቁሳቁስ

የምትከፍሉት ነገር ካለ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ክፈሉ፤ ደረሰኝ ያዙ። "ድሆች ይሰለፉ" የሚል እደላ አታድርጉ። ወይ ለክፍሉ ሁሉ፣ ወይ በስውር ለወላጅ።

ደረጃ 6፦ ገንዘብና ቁጥር

ገንዘብ በሁለት ፊርማ ይውጣ። በየወሩ ገቢና ወጪውን በአንድ ገጽ ሰፈሩ በሚያየው ቦታ ለጥፉ። ሐሜት የሚጀምረው ገንዘብ ሲጠፋ አይደለም፤ ወረቀት ሲጠፋ ነው።

የምትቆጥሩት አምስት ነገር ብቻ ይሁን፦ እስከ 12ኛው ሳምንት ክትትል የጀመሩ፣ ተቋም የወለዱ፣ ከወሊድ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ የታዩ፣ ከትምህርት ገበታ የቀሩ ልጆች፣ አንቀጽ ማንበብ የቻሉ። "ስንት ደብተር አደልን?" አይቆጠርም።

ቁጥሩ በስድስት ወር ካልተንቀሳቀሰ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። የመረጣችሁት ማነቆ ትክክለኛው አልነበረም ማለት ነው። ያጋጥማል።

እናት ብትሞት

ሊሆን ይችላል፤ ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። በሐዘኑ ቀን መዝገብ ይዛችሁ አትሂዱ። ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ አጽናኑ። ሕፃኑ ካለ ማን እንደሚይዘውና ምን እንደሚመገብ ከጤና ባለሙያ ጋር በዚያው ቀን ተነጋገሩ። ትልልቆቹ ልጆች ከትምህርት እንዳይወጡ ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ተከታተሉ። ከሳምንታት በኋላ፣ ቤተሰቡ ሲፈቅድ፣ ሦስቱን ዓምድ አውጥታችሁ ጊዜው የት እንደ ባከነ ፈልጉ። የሰው ስም አይነሣ፤ ሰዓት ብቻ ይጻፍ። "አዋላጇ ናት" ወይም "ባልየው ነው" የሚል ስብሰባ ለሚቀጥለው ምጥ ማንም እንዳይናገር ያደርጋል።

ደረጃ 7፦ ርክክብ

ርክክብ በመጨረሻው ወር አይጀመርም። ከስድስተኛው ወር ጀምሮ እያንዳንዱን ሥራ አንድ የሰፈሩ ሰው ከእናንተ ጋር ይሥራ። በአሥረኛው ወር እሱ ይሥራ፣ እናንተ ተመልከቱ። የእናቶች መዝገብ ወደ ጤና ተቋሙ፣ የንባብ ፈተናው ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂድ። የትራንስፖርት ገንዘቡን እናቶቹ ራሳቸው እያዋጡ ይያዙት፤ ትንሽ ቢሆንም ይያዙት። የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ይሁን፣ ሁለት የተለያየ ቤት።

ከተረከቡ በኋላ ለጥቂት ወራት፣ በወር አንድ ሌሊት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሾፌሩ ጋ ደውሉ። ነዳጅ እንዳለው ጠይቁት። ካለው ይቅርታ ጠይቁና ተኙ።